ደሙ ይቆጣል፤ በምን እንደተቆጣ ግን አይናገርም

እዚህ ብሉሚንግተን፣ ሚኒሶታ ላይ ስለ ጤና የሚናገር ሰው ነገሩን ከሀ ሁ መጀመር የለበትም። ከእናንተ መካከል ነርስ አለ፣ በነርሲንግ ሆም አረጋውያንን የሚጦር አለ፣ ሌሊት እዚሁ ጎረቤታችን ባለው ኤርፖርት ሠርቶ ቀን ልጅ የሚያሳድግ አለ። ሄልዝፓርትነርስን የመሰለ ትልቅ የጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። የላብራቶሪ ውጤትም ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቀድሞ በስልካችን ይደርሰናል። የዛሬው ጉዳይ የሚነሣውም ከዚያው ከስልኩ ነው። ነፍሰ ጡሯ ውጤቷን ስትከፍት ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ቀይ ምልክት ታያለች፤ ነጭ የደም ሴሏ ከፍ ብሏል፣ ሲአርፒ የሚባለውም ከፍ ብሏል። ኢንተርኔቱን ስትጠይቀው «ብግነት» ይላታል፤ ትንሽ ወረድ ስትል ደግሞ «ፕሪኤክላምፕሲያ» የሚል ስም ይገጥማታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሌላዋ ደግሞ ራሷን እያመማት፣ ዓይኗ እየተብረቀረቀ፣ ቁጥሮቿ ሁሉ ደህና መሆናቸውን ስላየች ተረጋግታ ትተኛለች። እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ ሁለተኛዋ ናት።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ በፕሪኤክላምፕሲያ በተያዙ ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ የሚታዩት የብግነት ምልክቶች ናቸው። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁና ከዚያ እያፍታታሁ እሄዳለሁ። ምልክቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ስለ በሽታው ምንነትም ብዙ አስተምረውናል። ነገር ግን አንዲትን ሴት «ታማለች» ወይም «ደህና ናት» ለማለት አይበቁም። ለዚያ ዛሬም የሚቀድመው ክንድ ላይ የሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ ነው። በመጀመሪያ በሽታውን፣ ቀጥሎ ምልክቶቹ ለፍርድ የማይበቁበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም ታዲያ ምን እንደሚጠቅሙ አነሣለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ ስለሆነ።

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሲረጋገጥ፣ ከእሱም ጋር ፕሮቲን በሽንት ሲወጣ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል መጎዳቱ፣ አለዚያም ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ማነሱ ሲታይ ነው። ግፊቱ 160 በ110 ሲደርስ ለነገ የማይባል ጉዳይ ይሆናል። ሲብስ እናቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ ያን ጊዜ ስሙ ኤክላምፕሲያ ነው። በዓለም ላይ ከ100 እርግዝና ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ይከሰታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 46,000 የሚጠጉ እናቶች ይሞቱበታል። ሩጫ የሚወድ ሕዝብ ነንና አንድ ምሳሌ ከትራክ ላምጣ። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ በ2018 በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት በ32ኛው ሳምንት በቀዶ ጥገና ወለደች፤ እሷም ልጇም ተረፉ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል አብራት ወርቅ ያገኘችው ቶሪ ቦዊ ግን በ2023 የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ሞተች፤ የአስከሬን ምርመራው ለሞቷ ሰበብ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ ኤክላምፕሲያ ነበር። እነዚህ ሴቶች ከዓለም ፈጣኖች ነበሩ። «ጠንካራ ናት፣ ምንም አትሆንም» የምንለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ። ችግሩ የሚጀምረው ማንም በማያይበት ጊዜ ነው፤ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት። የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማኅፀን ግድግዳ ዘልቀው የእናቲቱን ጠባብ ደም ቅዳዎች ማስፋት፣ ለጽንሱም በቂ ደም እንዲፈስ ማድረግ ነበረባቸው። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ በተለይ ቀደም ብሎ በሚመጣው ዓይነት፣ ይህ ሥራ ሳያልቅ ይቀራል። የእንግዴ ልጁ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ በዚህም የተነሣ ስብርባሪውንና ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። እነዚህ የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። ሽፋኑ ሲጎዳ የደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊቱ ፕሮቲን ያሾልካል፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎችም ይቆጣሉ፤ ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይበዛል፤ ሊምፎሳይት የሚባለው ሌላው ዓይነት ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ጉበት ሲአርፒን በብዛት ያመርታል፤ ኢንተርሊውኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉት መልእክተኛ ፕሮቲኖችም ከፍ ይላሉ። በብዙ አገሮች የታመሙትን ሴቶች ከጤነኞቹ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች የታማሚዎቹ አማካይ ቁጥር ከፍ ብሎ አግኝተውታል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚመጣው «አማካይ» የምትለዋ ነገር ስትረሳ ነው። በ1999 የኦክስፎርዱ ክሪስ ሬድማንና ባልደረቦቹ አንድ ታዋቂ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነሱ አባባል ጤናማ እርግዝና ራሱ መጠነኛ የብግነት ሁኔታ ነው፤ የእናቲቱ ሰውነት በጤናው ጊዜም ለእርግዝናው ምላሽ ይሰጣል። ፕሪኤክላምፕሲያ የዚያው ምላሽ ከልክ ማለፍ ነው፤ በጤነኛዋና በታመመችው መካከል ያለው የመጠን እንጂ የዓይነት ልዩነት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ የሚጠቅሰው የብግነት ምርመራን ለመደገፍ ነው። እኔ ግን ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ከተከተልነው ወደ ተቃራኒው ያደርሰናል እላለሁ። ጤነኛዋም ታማሚዋም በአንድ መሰላል ላይ የቆሙ ከሆኑ፣ መካከለኛው እርከን ላይ ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ብግነትን የበሽታው እምብርት ያደረገው ንድፈ ሐሳብ ራሱ የብግነት ቁጥር ለምርመራ ደካማ እንደሚሆን አስቀድሞ ነግሮናል ማለት ነው።

ይህ ድብልቅልቅ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ነጭ የደም ሴል እርጉዝ ባልሆነ ጎልማሳ ሰው ላይ ከ11,000 በላይ ሲሆን ብዙ ላብራቶሪዎች ቀይ ምልክት ያደርጉበታል። ጤነኛ ነፍሰ ጡር ግን 15,000 ብትደርስ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ምጥ ላይ ሆና ደግሞ ከ25,000 በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያቺ እንቅልፍ ያጣችው እኅታችን ያየችው ቀይ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራት ነፍሰ ጡር መሆኗን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቀዋለች። ሲአርፒም እንደዚሁ ነው። ይህ ፕሮቲን የተገኘው በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ ነበር። ከጅምሩ የአንድ በሽታ መለያ ሆኖ አያውቅም፤ ጥርስ ሲመግል፣ የሽንት ቧንቧ ሲመረዝ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ሰውነት ሲወፍር ይጨምራል። ቤት ውስጥ ጭስ ሲሸት ዕጣን ይሁን፣ ያረረ ወጥ ይሁን፣ የጎረቤት ምድጃ ይሁን አፍንጫ ብቻውን አይለይም። በ2001 ከቦስተን የወጣ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሴቶች ኋላ ላይ በፕሪኤክላምፕሲያ የመያዝ ዕድላቸው ሰፍቶ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን የሰውነት ውፍረት በስሌቱ ሲያስገቡት ግን ግንኙነቱ ጠፋ። ሚዛን ላይ ወጥቶ ሊታወቅ የሚችለውን ነገር በደም ፈልገው አገኙት ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ቢሆንም መለካቱ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር ልመልስ። ለስሌት እንዲመች 1,000 ነፍሰ ጡሮች አሉ እንበል፤ ከእነሱ 50ዎቹ በሽታው ይይዛቸዋል። ከታማሚዎቹም ከጤነኞቹም ከመቶው ሰማንያውን በትክክል የሚለይ የብግነት ምርመራ አለን ብለን እናስብ፤ ይህ ለምርመራው ቸር መሆን ነው። ከ50ዎቹ 40ውን ይይዛል፣ 10ሩን «ደህና ናችሁ» ብሎ ወደ ቤት ይሰዳል። ከቀሩት 950 ጤነኞች ደግሞ 190ውን «ታማችኋል» ይላል። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 230 ናቸው፤ እውነተኞቹ 40 ብቻ፣ ከስድስቷ አንዷ ገደማ። 190 ቤተሰብ በከንቱ ይሸበራል፤ ከሥራ ይቀራል፣ ከፊሉም ሒሳብ ይመጣበታል። የእነሱስ ድንጋጤ ያልፋል። ጉዳቱ ያለው በ10ሩ ላይ ነው። ወረቀት ይዘው የሄዱት እነሱ ናቸው፤ ራሳቸውን ሲያማቸውም ወረቀቱን ያምናሉ።

ሌላ ተቃውሞ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም የምፈራውና የማከብረው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች እንዲህ ይሉናል፦ «እናንተ አሜሪካ ተቀምጣችሁ በውድ መሣሪያ ትመርጣላችሁ። እኛ ያለን ሲቢሲ የሚባለው ተራ የደም ሴል ቆጠራ ነው። የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር ከዚያው ወረቀት ላይ በማካፈል ብቻ ይወጣል፤ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ለድሃ አገር ከዚህ የተሻለ ምን አለ?» ሐሳቡ የመጣው ከችግር ነውና በቀላሉ አይጣልም። ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ወደ 2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልሰናል። በዚያ ጥናት ከሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙት 62 ከመቶ ነበሩ፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 32 ከመቶ ብቻ። ክትትል ካደረጉትም የደም ግፊታቸው የተለካው ከአራቱ ሦስቱ ያህል ናቸው። ሁለቱን ስታባዙት ግፊቷ አንድ ጊዜ እንኳ የተለካላት ነፍሰ ጡር ከግማሽ በታች ትሆናለች። ከዚያ ወዲህ መሻሻል አለ፤ በ2019 አራት ጊዜ የተከታተሉት 43 ከመቶ ደርሰዋል። ነገር ግን ግፊት ያልተለካላትን ሴት ደም መቁጠር ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ሲቢሲ የሚሠራ ማሽን ኤሌክትሪክ፣ ኬሚካልና ባለሙያ ይፈልጋል፤ የግፊት መለኪያው በጤና ኬላ ጠረጴዛ ላይ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ይሠራል። «ነፃ» የተባለው ምርመራ ነፃ የሚሆነው ቀድሞ ሆስፒታል ለደረሰች ሴት ነው።

ሁለተኛው መልስ መነሻ ቁጥርን ይመለከታል፤ ብዙም ሲነገር አልሰማሁትም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር «ከዚህ በላይ ከሆነ አደጋ ነው» የሚባለው ወሰን ብዙ ጊዜ የተቀዳው ከሌላ አገር ሴቶች ነው። ጤነኛ ሆነው ሳለ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ሕዝቦች ግን አሉ። ምክንያቱ ዳፊ የሚባለው የቀይ ደም ሴል ምልክት አለመኖር ነው፤ ያው ምልክት አለመኖሩ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነትም ይከላከላል። በአፍሪካ በሰፊው የተስፋፋ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ከሕዝብ ሕዝብ፣ ከአካባቢ አካባቢ በእጅጉ ይለያያል፤ ቫይቫክስ ወባ አገራችን ውስጥ መኖሩም ከዚሁ የተነሣ ነው። እስራኤል ውስጥ በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ላይ ይኸው ዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር፣ በሽታ ሳይኖር፣ ተመዝግቧል። በሌላ በኩል በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሠራው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ጎልማሶችን ከደቾች ጋር አነጻጽሮ፣ የኢትዮጵያውያኑ ሊምፎሳይቶች ከመነሻው ይበልጥ የነቁ ሆነው አግኝቷቸዋል። እንግዲህ አካፋዩም ተካፋዩም ከሌላው ሕዝብ የሚለይበት ሰው ላይ የተበደረ ወሰን እንዴት ይሠራል? ኒውትሮፊሏ በተፈጥሮ አነስተኛ የሆነች ሴት ብግነቷ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ከተቀዳው ወሰን በታች ልትሆን ትችላለች። ወረቀቱ ደህና ነሽ ይላታል። ይህ ለእናንተም ይሠራል፤ ሚኒሶታ ስለመጣን ደማችን የሚኒሶታ አልሆነም።

ሲቢሲው ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከዚያው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር በእውነት ይፈርዳል፤ ፕሌትሌት። ከ100,000 በታች ከወረደ የበሽታው መለያ አካል ነው፤ ከጉበት መጎዳትና ከቀይ ደም ሴል መፈራረስ ጋር ከመጣ ደግሞ ሄልፕ የሚባለው ከባድ መልክ ነው። በ2019 መቀሌ ላይ በዓይደርና በመቀሌ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ታትሟል፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ባለባቸው ሴቶች ላይ የፕሌትሌት ቁጥር እንደሚቀንስና የእያንዳንዱ ፕሌትሌት መጠን እንደሚተልቅ አሳይቷል። ፕሌትሌት ከኒውትሮፊል የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ኒውትሮፊል ሰውነት መቆጣቱን ይናገራል፣ ፕሌትሌት ግን በበሽታው የደረሰውን ጉዳት ነው የሚያሳየው። ባለሙያዎቻችን ማካፈሉን ትተው ፕሌትሌቷን ቢከታተሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከበሽታው ምንጭ የሚነሣ የደም ምርመራም መጥቷል። ቀደም ብዬ የእንግዴ ልጁ ፕሮቲን ይለቃል ብያለሁ። ከእነሱ ዋነኛው ኤስፍልት 1 ይባላል፤ የደም ሥርን የሚንከባከበውን ፒኤልጂኤፍ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ሥራ ያስፈታዋል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደበዛ መለካት ይቻላል። በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ንጽጽሩ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት በሽታው የማይመጣበት ዕድል ከ99 በመቶ በላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በግንቦት 2023 የዚህን ዓይነት ምርመራ ፈቅዷል። ግን ለማን? በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ሆስፒታል ለተኙ፣ ከ23ኛው ሳምንት እስከ 35ኛው ሳምንት ዋዜማ ላሉ ሴቶች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ከባድ ደረጃ ይሸጋገር እንደሆነ ለመገመት። ልብ በሉ፣ ይህ የተሻለው ምርመራ እንኳ ወደ ሥራ የሚገባው ግፊቱ ከተለካ በኋላ ነው። በር ከፋቹ አሁንም መለኪያው ነው።

«ብግነት ከሆነ የብግነት መድኃኒት ለምን አንወስድም?» የሚለው ጥያቄ ከማኅበረሰባችን አፍ አይጠፋም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌንን የመሰሉት መድኃኒቶች ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ስለሚችሉ ይኸው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 አስጠንቅቋል። ከማስጠንቀቂያው ውጭ የተደረገው ሐኪም የሚያዝዘው አነስተኛ አስፕሪን ነው። አስፕሪን የመጣውን በሽታ አያድንም፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ይከላከላል። በ2017 በታተመው አስፕሪ በተባለው ጥናት አደጋቸው ከፍተኛ ለሆነ ሴቶች በቀን 150 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚመጣው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። እዚህ አሜሪካ የሚታዘዘው 81 ሚሊግራም ሲሆን ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ይጀመራል። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ ለነበረባት፣ መንታ ላረገዘች፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም እንደ ሉፐስ ያለ በሽታ ላለባት ይመከራል፤ የመጀመሪያ እርግዝና፣ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን፣ ውፍረት፣ እናት ወይም እኅት ታማበት ማወቋ ሲደራረቡም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ጠብታ ደም አያስፈልግም፤ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። ጥቁር አዝሙዱንና ዝንጅብሉን በተመለከተ፣ በምግብ ልክ ከሆነ ምግብ ነው፤ አስፕሪንን የሚተካ ማስረጃ ግን የለውም።

በዚሁ የአደጋ ዝርዝር ውስጥ «ጥቁር መሆን» የሚል አለ፤ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስቀይም አውቃለሁ። ይህን የአስፕሪን መመሪያ ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ምክንያቱ ቆዳ ሳይሆን አድልዎና ኑሮ መሆኑን ጽፈዋል። በ2021 የታተመ የቦስተን ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ ከውጭ የመጡ ጥቁር ሴቶች እዚህ ከተወለዱት ይልቅ በፕሪኤክላምፕሲያ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነበር፣ ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩት ላይ ግን ያ ብልጫ ጎልቶ አልታየም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አሜሪካ ያመጣብን ነው፣ አገር ቤት የለም» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። በኢትዮጵያም የእርግዝና ደም ግፊት እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የሌለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ስሙ ስለማይጠራ ነው። መንዘፍዘፉ ልክፍት ይባላል፣ ራስ ምታቱ ምች ይባላል። መንዘፍዘፉ ግን መድኃኒት አለው፤ በ33 አገሮች ወደ 10,000 ሴቶችን ያሳተፈውና በ2002 የታተመው ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት መንዘፍዘፉን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ማግኒዥየሙ ግን ይቅደም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ መጣሁ። የብግነት ምርምር ለፍርድ ካልበቃ ምን ጠቀመን? ዋናው ጥቅሙ፣ በሽታው የግፊት ብቻ ሳይሆን የመላው የደም ሥር መሆኑን ማሳየቱ ይመስለኛል። የደም ሥር ደግሞ ልጁ በተወለደ ማግስት አይረሳም። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ሆኖም በሽታው ከወሊድ በኋላ ሊቀጥል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሊነሣ ይችላል፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። ይህ ጊዜ ከአራስ ቤታችን ጋር ይገጥማል። ገንፎ ይገነፋል፣ ጠያቂ ይጎርፋል፣ የሁሉም ዓይን ሕፃኑ ላይ ነው። አራሷ ራሴን አመመኝ ስትል «እንቅልፍ ስላጣሽ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይባላል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ያለ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ያለባት አራስ ግፊቷ በዚያው ሰዓት ይለካ፤ ግፊት የነበረባት ደግሞ ምንም ባይሰማት እንኳ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ፣ ከባድ የነበረባት በ72 ሰዓት ውስጥ መታየት አለባት። በዚህች አገር ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ከሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን መከላከል ይቻል እንደነበር የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2017 እስከ 2019 ያለውን መዝገብ መርምሮ ገልጿል። ገንዘብ ለሚያሳስባችሁ፣ ሜዲካል አሲስታንስ የተባለው የሚኒሶታ የሕክምና መድን ከሐምሌ 2022 ጀምሮ እናቲቱን ከወለደች በኋላ ለ12 ወር ይሸፍናል።

ከዓመት በኋላስ? እዚሁ ሚኒሶታ ሮቸስተር ያለው ማዮ ክሊኒክ በ2020 ባሳተመው ጥናት በኦልምስቴድ ካውንቲ የእርግዝና ደም ግፊት መዛባትን ሲቆጥር ከእርግዝናዎች 7.3 በመቶ አገኘ። በሴቶች ሲቆጥር ግን 15.3 በመቶ ሆነ፤ አንዲት ሴት ከአንድ ጊዜ በላይ ታረግዛለችና። እነዚህ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለኩላሊት በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ልጇ ኮሌጅ የገባላት እናት ለአዲሱ ሐኪሟ «ስወልድ ግፊት ነበረብኝ» ብላ መናገር አለባት። ብዙዎቹ አይጠይቋትም፤ እሷ ትንገራቸው።

ምርምሩም ይቀጥል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን የራሳችን መነሻ ቁጥር ነው፤ ጎንደር፣ ሐዋሳና እዚሁ ሚኒሶታ ሲዳር ሪቨርሳይድ ያሉ ጤነኛ ነፍሰ ጡሮች በ12ኛው፣ በ20ኛውና በ28ኛው ሳምንት ቁጥራቸው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ፣ ያቺኑ ሴት ከራሷ ጋር የሚያነጻጽር ጥናት። ተመራማሪ ወደ ማኅበራችሁ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁና መስጊዳችሁ መጥቶ የእኅቶቻችሁን ደም ከጠየቀ አትከልክሉት፤ ግን መጀመሪያ ጠይቁት፦ ወሰኑን የቀዳኸው ከማን ነው? የዳፊውን ነገር አስበህበታል? ደሙን ስትወስድ ግፊታቸውንም ትለካለህ? አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄያችሁን ልስማ።